ከኋላው የተመታው

ዘይነት ስልኳን ይዛ ስትገባ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የአተር ክክ እለቅም ነበር። ዘይነት ጎረቤቴ ናት። ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ ሱቋ ከአጥሬ ጋር የተያያዘ ነው። አባቷ የወረታ ነጋዴ ነበሩ፤ እሷም እንደ አባቷ ነገር አታንዛዛም።

«እማማ ወለተ ኪዳን፣ ወንድምዎ ፌስቡክ ላይ ወጥተዋል» አለችኝ። «ሰዉ እየተቀባበለው ነው። ይዩት።»

መነጽሬን አደረግሁ። ወንድሜ ሀብተ ሥላሴ ሳሎኑ ውስጥ ትልቁ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። ሜዳሊያውን ኮቱ ላይ ሰክቷል፤ ከዘራውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሟል። የምትጠይቀው ልጁ ቃልኪዳን ናት። እሷ አትታይም፣ ድምጿ ብቻ ይሰማል። ስለ ሶማሊያ ጦርነት ነው የምትጠይቀው። እኔ ይህን ወሬ አርባ አምስት ዓመት ሰምቼዋለሁ። በሠርግ ሰምቼዋለሁ፣ በልቅሶ ሰምቼዋለሁ፣ በማኅበር ሰምቼዋለሁ። እንደ ዝናብ ድምፅ ለምጄው ነበር። ከዚያ ቃልኪዳን «አብረውህ የነበሩ፣ የሞቱ ጓደኞች ነበሩህ አባ?» አለችው።

«መርስዔ ኀዘን የሚባል የመራዊ ልጅ ነበረ» አለ። «ጎበዝ ይመስለኝ ነበር። ፈዲስ ላይ ውጊያው ሲበረታ ግን ልቡ ከዳው። ምሽጉን ጥሎ ሲሮጥ ከኋላው ተመታ። እኔ ቦታዬን አልለቀቅሁም። እግሬን የተመታሁትም እዚያው ነው።»

ሰፌዱ ከጭኔ ላይ ወድቆ ክኩ ተበተነ። ዘይነት ልትለቅምልኝ ስታጎነብስ እጇን ያዝሁ።

«ተይው። ደግመሽ ክፈችልኝ» አልኋት።

ሦስት ጊዜ አየሁት።

«ሰውየውን ያውቁታል እንዴ እማማ?»

«አውቀዋለሁ። ሀብተ ሥላሴ ግን አያውቀውም። አንድ ቀን እንኳ በዓይኑ አይቶት አያውቅም።»

ዘይነት ሱቋን ሄዳ ዘጋችና ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። ነገርኋት። ከአባቴና ከወንድሜ ሌላ ይህን ነገር ከአፌ የሰማች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ባሌ እንኳ ሃያ ሁለት ዓመት አብሮኝ ኖሮ ሳያውቅ ሞቷል።

በ1969 ዓመተ ምሕረት አባቴ ከባሕር ዳር በታንኳ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ የጣና ዳር መንደር ያርሱ ነበር። እናታችን ሞታለች። ሀብተ ሥላሴ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፣ እኔ ዐሥራ ዘጠኝ። ፊታችን አንድ ነበር፤ ከሩቅ ያየን ሰው ይሳሳት ነበር። የእናት አገር ጥሪ ተብሎ ሚሊሺያ ሲመለመል ከእኛ ገበሬ ማኅበር ስማቸው ከወጣው ሦስት ወጣቶች አንዱ እሱ ሆነ። በማግስቱ ጠፋ። የት እንደገባ እናውቅ ነበር። ሐይቁ ውስጥ አጎታችን የመነኮሱባት ደሴት አለች፤ እዚያ ነው የገባው። ሴት አትረግጣትም። እኔ ሄጄ «ና ውጣ» እንኳ ልለው አልችልም።

አባቴን አሰሯቸው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር «ልጅህ እስኪመጣ አትወጣም» ብሎ ጎተራ ውስጥ ቆለፈባቸው። ደረታቸው ደካማ ነበር። በሰባተኛው ቀን ስንቅ ላደርስ ስሄድ ደም ሲተፉ አየሁ። አንድ ባለታንኳ ለምኜ ወደ ደሴቷ ላክሁ፤ «አባታችን ሊሞቱ ነው፣ ና» በልልኝ ብዬ። ባለታንኳው ማታውን ተመለሰ።

«ምን አለ?» አልሁት።

«ጸልዩልኝ ብሏል።»

የዚያን ቀን የተናደድሁት ንዴት እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። ጸጉሬን በምላጭ ተላጨሁ። ጡቴን በመቀነት አጥብቄ አሰርሁ። የሱን ቁምጣና የሱን ሸሚዝ ለብሼ በእግሬ ወደ ባሕር ዳር ሄድሁ፤ የተመልማዮቹ ስም ወደዚያ ተልኮ ነበር። መንደራችን ውስጥ ቢሆን ሊቀ መንበሩ ያውቀኛል። ባሕር ዳር ግን ማን ያውቀኛል? ሁለቱ የመንደራችን ልጆች ቀድመው ተጭነዋል። ጸሐፊው ቀና ብሎም አላየኝ።

«ስም?»

«ሀብተ ሥላሴ ይግዛው።»

«የት ቆየህ?»

«ታምሜ ነበር።»

ስሙ ላይ ምልክት አደረገ፣ አለቀ። አባቴ ተፈቱ። እኔ በጭነት መኪና ታጠቅ ማሠልጠኛ ገባሁ።

«እንዴት ሳይታወቅብዎ?» አለች ዘይነት።

«ማን ማንን ያያል? ስንት ሺህ ሰው በአንድ ሜዳ ላይ በድንኳን ታጭቆ። ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ ሞልቷል። ገላ የሚታጠብ የለም። ድምፄ ድሮም ወፍራም ነው፤ እርሻ ያረስሁ ነኝ፤ እጄን ያየ ሰው ሴት አይለኝም። ያወቀው አንድ ሰው ነው።»

እሱ መርስዔ ኀዘን ነበር። ቄስ ትምህርት ቤት የቆየ፣ ረጋ ያለ ሰው። ሚስቱን ወለተ ጊዮርጊስን እርጉዝ ሆና ትቷት ነው የመጣው። ጎን ለጎን ነበር የምንተኛው። አንድ ጧት ስነሣ ሱሪዬ ላይ ደም ነበረ። አየ። ፊቱን አዞረ። ከቤቱ ይዞት የመጣውን ጋቢ ከጫፉ ተርትሮ ቀደደና «እንካ ወንድሜ፣ ለቁስልህ» አለኝ። ቁስል አልነበረኝም። ከዚያ ወዲያ በየወሩ እየቀደደ ይሰጠኝ ነበር። ሐረር ስንደርስ ጋቢው እኩሌታ ሆኗል። ለምን መጣሽ፣ ማን ነሽ ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ሁልጊዜ «ሀብቴ» ነበር የሚለኝ፤ ሁልጊዜ «አንተ»።

ጥር ላይ ፈዲስ አካባቢ አንድ ጉብታ ያዙ ተባልን። ሳንይዘው ወደ ምሽጋችሁ ተመለሱ ተባለ። እኔ መንገድ ላይ ግራ እግሬን ከጉልበት በታች ተመታሁ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰምቼዋለሁ። ሌላው ሁሉ ምሽግ ገብቷል። እኔ ሜዳ ላይ ቀረሁ። መርስዔ ገብቶ ነበር። ገብቶ ነበር እኮ። ከገባበት ወጥቶ ወደ እኔ መጣ።

«በጀርባህ እዘለኝ» አልሁት።

«ባዝልህ ጥይቱ የሚያገኘው አንተን ነው» አለኝ። እንደ ሕፃን ፊት ለፊት አቀፈኝ። ከዚያ ጀርባውን ለጠላት ሰጥቶ ተራመደ። አንድ ጊዜ ሲመታ ክንዱ ጠበቀብኝ፣ አልጣለኝም። ሁለተኛው ሲመታው ምሽጉ አፋፍ ላይ ደርሰን ነበር። ወደ ውስጥ ገፋኝና እላዬ ላይ ወደቀ።

ወዲያው አልሞተም። ውኃ ጠየቀኝ፤ አልነበረኝም። ከዚያ «ስምሽን ሳልጠይቅሽ» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አለኝ። «ወለተ ኪዳን» አልሁት። «ወለተ ኪዳን» ብሎ ደገመው። ሌላ አልተናገረም።

የጦሩ ሐኪም ቤት ውስጥ ያከመችኝ ድሬሰር ሱሪዬን ስትቀድ አወቀችኝ። በሩን ዘጋች። መዝገቡ ላይ ግን ወንድ ብላ ጻፈች። «ከታወቀብሽ ስለ እግርሽ የሚያስብ የለም» አለችኝ። በክረምቱ ቆስሎ የተሰናበተ ተብሎ ደብተር ተሰጠኝ፤ ሜዳሊያው ኋላ በደብዳቤ መጣ። ባሕር ዳር አክስታችን ቤት ስደርስ አባቴ ተቀምጠዋል። ሀብተ ሥላሴም አለ። ከደሴቷ ወጥቶ፣ ወፍሮ፣ በሩ ላይ ቆሞ።

አባቴ ወንጌል አስመጡ። «ወንድምሽ መክዳቱ ከታወቀ ይረሽኑታል» አሉኝ። «አንቺም ዓመት ሙሉ ከወንድ መሀል ያደረች ተብለሽ የሚያገባሽ አይኖርም። ማይልኝ።» ማልሁ። ምን ላድርግ? ሃያ ዓመቴ ነው፣ እግሬ አልዳነም፣ አባቴ እያለቀሱ ነው። ዩኒፎርሜን አውልቄ ሰጠሁ። ሀብተ ሥላሴ እዚያው ፊቴ ለበሰው። ቡትስ ጫማው ጠበበው።

ስለ ጦርነቱ አባቴ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ስትመቺ ማን አነሣሽ?»

«መርስዔ ኀዘን የሚባል የመራዊ ሰው። ከኋላው ተመቶ ሞተ» አልሁ። ከዚያ በላይ አልቻልሁም፣ ልቅሶ ቀደመኝ። ሀብተ ሥላሴ ይሰማ ነበር። ያችን ግማሽ ቃል ነው አርባ አምስት ዓመት ይዞ ኖሮ አሁን በፌስቡክ ያወጣት።

ዘይነት ከዚያች አንድ ጥያቄ ሌላ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ «የሰውየውን ቤተሰብ አግኝተዋቸው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«አንድ ጊዜ መራዊ ሄጄ ነበር። ገበያው ድረስ። ከዚያ ተመለስሁ።»

«ለምን?»

ይህን ጥያቄ ማንም እንዳይጠይቀኝ ነበር የምፈልገው። «ፈራሁ» አልኋት።

በማግስቱ ፋሲሎ ሰፈር ወደ ወንድሜ ቤት ሄድሁ። በሩን ራሱ ከፈተልኝ። ከዘራውም አልያዘም፣ አያነክስምም። የሚያነክሰው ለበዓል ነው። እኔ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጨርቅ እየመረመርሁ ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ፣ ጧትና ማታ ያንን እግር እየጎተትሁ ስመላለስ፣ በቅሎ ረግጣኝ ነው እያልሁ ስዋሽ፣ እሱ በዓመት ሁለት ቀን በግራው ያነክስ ነበር። አንዳንዴ ይረሳና በቀኙ።

«መርስዔ ሸሸ ብለሃል» አልሁት ሳልቀመጥ።

«ተቀመጪ መጀመሪያ።»

«አልቀመጥም። ሸሸ ብለሃል ወይ?»

«ከኋላው ተመታ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«አቅፎኝ ነው። እኔን ደረቱ ላይ ይዞ ነው ጀርባውን የተመታው።»

ለአፍታ ዓይኑን ከዓይኔ ላይ አነሣ። ከዚያ ወደ ሶፋው ሄዶ ተቀመጠ። «አላወቅሁም» አለ። «ልጅቱ ጠየቀችኝ፣ የሆነ ነገር መናገር ነበረብኝ። ሰውየው እንደሆነ ሞቷል። ማንን ጎዳሁ?»

«ሚስቱ እርጉዝ ነበረች።»

«አርባ አምስት ዓመት አለፈው እኮ።»

«ቪዲዮውን አውርደህ ዋሽቻለሁ በል።»

«አሁን? የካቲት 26 የዘማቾቹ ማኅበር በዓል ነው። ልናገር ተጠርቻለሁ። ምን ብዬ ነው የማወርደው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሁልጊዜ ሲፈራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «አንቺም ወንጌል መትተሻል። አባታችንን በመቃብራቸው ልታዋርጃቸው ነው? ደግሞስ ብትናገሪ ማን ያምንሻል ወለተ? ስሙ የኔ ነው።»

«ስሙን ውሰደው» አልሁት። «ሜዳሊያውንም ውሰድ። ከወሰድኸው ቆይቷል። መርስዔን ግን አልሰጥህም።»

ወጣሁ። እስከ ሹም አቦ ባጃጅ ውስጥ ጥርሴን ነክሼ ነበር የሄድሁት፤ ስወርድ አገጬ ታመመኝ።

የካቲት 26 ከዘይነት ጋር ወደ አዳራሹ ሄድን። ልናገር ብዬ አልነበረም የሄድሁት፤ እውነቱን ለመናገር ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ቢያንስ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እያየኝ ይዋሽ ብዬ ነው። ሁለት መቶ ያህል ሰው ይሆናል። ሽማግሌዎቹ ዘማቾች ከፊት፣ ቤተሰቦቻቸው ከኋላ። መግቢያው ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ የዘማቾቹ ደብተርና ሜዳሊያ ለእይታ ተደርድሯል። የእኔም ደብተር እዚያ ነበረ። ሀብተ ሥላሴ በከዘራው እያነከሰ ገባ፤ ሰው ተነሣለት።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ሻምበል ቃለ ሕይወት የሚባሉ፣ ጡረታ የወጡ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ጥቂት ተናገሩና መብራት ቀነሱ። ቃልኪዳን ኮምፒውተሯን ከፍታ ቪዲዮውን ግድግዳው ላይ አሳየች። «ከኋላው ተመታ» የሚለው ቦታ ሲደርስ አዳራሹ ውስጥ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ሲያልቅ ጭብጨባ ሆነ።

ጭብጨባው ሳያቆም ከኋላ አንድ ሰው ተነሣ። አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ኮቱ ንጹሕ፣ እጁ የገበሬ እጅ። ፊቱን ሳየው ወንበሬን ያዝሁ። ቅንድቡ የአባቱ ነው።

«አስናቀ መርስዔ እባላለሁ» አለ። «ከመራዊ፣ ከቆጋ ነው የመጣሁት። የዚያ ሰው ልጅ ነኝ። አባቴ ሲሞት አልተወለድሁም። ቪዲዮውን የሰፈር ልጆች ለእናቴ አሳዩዋት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አልወጣችም።» ወደ ወንድሜ ዞረ። «አባቴ፣ እርስዎን ልሰድብ አልመጣሁም። አብረው ነበሩ፤ እርስዎ ያውቃሉ። በእርግጥ ሸሽቶ ነው የሞተው? ይህን ለእናቴ ልንገራት?»

ሀብተ ሥላሴ ሊያፈገፍግ የሚችልበት ጊዜ ያ ነበር። እኔም ጠበቅሁት፤ እምላለሁ ጠበቅሁት። «ተሳስቼ ይሆናል፣ ዘመኑ ርቋል» ቢል ኖሮ ዝም ብዬ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር ይሆናል። እሱ ግን ከዘራውን ተደግፎ ተነሣና በሐዘን ድምፅ፣ «ልጄ፣ እውነት መራራ ነው። ሰው ነውና ደከመ። አንተም ይቅር በለው» አለ።

ይቅር በለው።

ተነሣሁ። «ውሸት ነው» አልሁ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ከመድረኩ አጠገብ የነበረ ወጣት «እናቴ፣ ተራ ይጠብቁ» አለኝ።

«አርባ አምስት ዓመት ጠብቄያለሁ። ውሸት ነው።»

«እህቴ ናት» አለ ሀብተ ሥላሴ ለሰብሳቢው። «ከቆየ ጤና የላትም። ዘይነት፣ ልጄ፣ ያዥልኝ እስቲ።»

ዘይነት ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም። እኔ በሁለቱ ረድፍ መካከል እያነከስሁ ወደ ፊት ሄድሁ፤ ከጠረጴዛው ደብተሩን አንሥቼ ለሻምበል ቃለ ሕይወት ሰጠኋቸው።

«ቁስሉን ያንብቡልኝ» አልኋቸው።

መነጽራቸውን አወጡ። «ግራ እግሩ ከጉልበት በታች በጥይት ተመትቶ አጥንቱ የተሰበረ» ብለው አነበቡ።

«እንግዲያው ሀብተ ሥላሴ ሱሪውን ይሰብስብ።»

ሀብተ ሥላሴ ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። «በዚህ ዕድሜዬ በሰው ፊት ልራቆት?» አለ።

ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰበሰብሁ። በሕይወቴ ካደረግሁት ሁሉ የከበደኝ ያ ነው፤ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት። ግን የከበደኝ እፍረት አልነበረም። ንዴቱ ነበር። ጥይቱ የገባበትና የወጣበት፣ ጠማማ ሆኖ የገጠመው አጥንት፣ ሁሉም ታየ። ሻምበሉ ጎንበስ ብለው አዩ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ቁስል ያዩ ሰው ናቸው። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጧል።

«ይህ የጥይት ነው» አሉ። ወደ ወንድሜ ዞሩ። «አቶ ሀብተ ሥላሴ፣ እግርዎን።»

አልተንቀሳቀሰም። ያኔ ቃልኪዳን ከኮምፒውተሯ ተነሣች። ልጅቱ ምንም አታውቅም ነበር፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «አባ፣ አሳያቸው» አለችው። «አሳያቸውና ይቁም።»

ልጁን አያት። ከዚያ ከዘራውን ወንበሩ ላይ ጥሎ በበሩ ወጣ። በሁለት እግሩ፣ ቀጥ ብሎ፣ በፍጥነት። ሲራመድ ሁለት መቶ ሰው አየው።

እኔም ለአስናቀ እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርሁት። ጋቢውን፣ ሜዳውን፣ «ባዝልህ ጥይቱ የሚያገኘው አንተን ነው» ያለውን። እሱ ቆሞ ይሰማል። ሲያልቅ ያለቅሳል ወይ ይስመኛል ብዬ ነበር። አላደረገም።

«ፊት ለፊት አቅፎ?» አለኝ።

«አዎ።»

«እርስዎ ከዚያ በኋላ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ባሕር ዳር።»

«ከባሕር ዳር መራዊ ስንት ሰዓት ነው?» ድምፁ ከፍ አላለም፤ ቢል ይሻለኝ ነበር። «እናቴ ሞተ የሚል ወረቀት ብቻ ነው የደረሳት። እንዴት እንደሞተ የሚነግራት ሰው መንገድ መንገድ ስታይ ነው ያረጀችው። አያቴ ሳትሰማ ሞተች። እርስዎ እዚህ ነበሩ።»

«አስምለውኝ ነበር» አልሁ። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ትልቅ ምክንያት ይመስለኝ ነበር። ከአፌ ሲወጣ ግን ትንሽ ነበር።

አስናቀ ኮቱን አስተካክሎ ወጣ።

በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት ናቸው፤ አንዱ የንስሓ አባታችን። ሀብተ ሥላሴ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ገባ። ከመካከላቸው ትልቁ፣ «ልጄ፣ የአንድ እናት ልጆች ናችሁ፤ ደም አልፈሰሰ» ብለው ጀመሩ።

«ፈሷል አባቴ» አልኋቸው። «የመርስዔ ፈሷል። የኔም ፈሷል። ያልፈሰሰው የሱ ብቻ ነው።»

«ይቅርታ ሊጠይቅ ነው የመጣው።»

«እኔን ምን አድርጎ ነው የሚጠይቀኝ? እኔ በገዛ እጄ ሰጥቼዋለሁ። መራዊ ይሂድ። የመርስዔ ሚስት ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ጎረቤቶቿ እየሰሙ ይናገር። ከዚያ በፊት እዚህ ቤት አይረግጥም።»

ሀብተ ሥላሴ «ልብሽ ደንጊያ ነው» አለኝ።

«ጸልይልኝ» አልሁት።

ሁለት ሳምንት እንቢ አለ። የረታችው ቃልኪዳን ናት። ቪዲዮውን አጥፍታ በምትኩ በራሷ ድምፅ የተሳሳተ ነገር ነው ያሠራጨሁት ብላ አወጣች፤ ከቤቱም ወጥታ ጓደኛዋ ዘንድ ገባች። ከዚያ ደወለልኝ። «ነገ» አለ፣ ዘጋው።

በሚኒባስ ሄድን። አራታችን፤ እኔ፣ ዘይነት፣ እሱ፣ ቃልኪዳን። የአስናቀ ቤት የቆጋ መስኖ ቦይ አጠገብ ነው፤ ደጃፉ ላይ የደረሰ ስንዴ ቆሟል። ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር፤ አስናቀ ጠርቷቸዋል። ወለተ ጊዮርጊስ በር ላይ በርጩማ ተደርጎላት ተቀምጣለች። ቀጭን፣ ጥቁር ለባሽ ሴት።

ሀብተ ሥላሴ ቆሞ ተናገረ። አልዘመትሁም አለ። ስሙን ብቻ ነው የማውቀው አለ። ልጄ ፊት ትልቅ መባል ፈልጌ ነው አለ። ያችን የመጨረሻዋን ሲናገር ድምፁ ተሰበረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሲናገር ሰማሁት። ቢሆንም አንጀቴ አልራራም። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ፣

«ሰምቻለሁ። ሂድ» አለችው።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። ቆሞ ጠበቀ፤ አላለችም። ቃልኪዳን ክንዱን ይዛ ወደ መንገድ ወሰደችው።

ወለተ ጊዮርጊስ እኔን «ግቢ» አለችኝ። ቤት ውስጥ አስቀምጣኝ እግሬን ለማየት ጠየቀች። በጣቷ ጠባሳውን ዳሰሰችው፣ ልክ የታመመ ልጅ እንደምትዳስስ።

«ያን ጊዜ ከባድ ነበርሽ?» አለችኝ።

«ቀጭን ነበርሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አጥንት ብቻ ነበርሁ። ምግብ አልነበረንም።»

«ደግ» አለች። «በጣም አልከበድሽውም።» ቀሚሴን ራሷ መለሰችልኝ። ቀጥላ ዓይኔን እያየች፣ «እናቱ እኔ ክንድ ላይ ነው የሞተችው። ልጄ በምን ሞተ እያለች። ይህን እንድታውቂው ነው» አለችኝ። እኔም አወቅሁት። ምሳ አቀረበች፤ በልቼ ወጣሁ።

ማኅበሩ ስሙን ለማስተካከል ደብዳቤ ጽፏል። መዝገቡ ወንድ ስለሚል ማን እንደሚያርመው ገና አልታወቀም። ሻምበል ቃለ ሕይወት በየሳምንቱ ይደውሉልኛል፤ እሳቸው ከእኔ ብሰው ተናደዋል። ሀብተ ሥላሴን በቤተ ክርስቲያን በር አየዋለሁ። ከዘራውን ትቷል። ሰላም አንባባልም፤ አንድ ቀን እንባባል ይሆናል፣ ዛሬ ግን አይደለም። በአባቴም ተቆጥቻለሁ፤ ሙት ወቃሽ አትሁኚ ይሉኛል፣ ልቤ ግን እንቢ አለኝ። በራሴም።

አስናቀ ስልክ ቁጥሬን ከዘይነት ወስዶ ነበር። አንድ ወር ያህል ቆይቶ ደወለ። ሰላምታው አጭር ነው፤ እማማም እናቴም አይለኝም። የሚጠይቀው ስለ አባቱ ብቻ ነው። ቁመቱ ምን ያህል ነበር፣ ምን ይበላ ነበር፣ ሲተኛ ያንኮራፋል ወይ። የማውቀውን እነግረዋለሁ፤ የማላውቀውን አላውቅም እለዋለሁ። ትናንት የጠየቀኝ «ይስቅ ነበር?» ብሎ ነው።

«ይስቅ ነበር» አልሁት። ታጠቅ ሳለን በእንጨት ጠመንጃ ስንለማመድ፣ አሠልጣኛችን ተኙ ብሎ ሲያሳየን ጭቃው ውስጥ በአፉ ተደፋ። ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጠ። መርስዔ ብቻ አልቻለም። ለዚያ ሳቅ ከሰዓቱን ሁሉ ሜዳውን እንዲዞር ተፈረደበት። እየዞረ በእኛ አጠገብ ባለፈ ቁጥር እንደገና ይስቅ ነበር።

«እሺ» አለኝ አስናቀ። «ሐሙስ እደውላለሁ።»